ልቀቅ የማይባልበት ፋብሪካ

ጡረታ ስወጣ ከተሰጡኝ ወረቀቶች አንዱ ራስጌው ላይ «የሥራ መልቀቂያ» ይላል። የአስተዳደር ኃላፊዋ ወረቀቱን ስታቀብለኝ ያችን ቃል በአውራ ጣቷ ሸፍናት ነበር። ለምን እንደሸፈነቻት ገባኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ሰቆጣ ባለው የመኖ ፋብሪካችን ውስጥ «ልቀቅ» የሚል ቃል ከማንም አፍ አይወጣም። ገመድ የያዘን ሰው «ተወው» እንለዋለን። ውሃ «ክፈት» ነው፣ ኮረንቲ «አስነሳ» ነው፣ የማሽን ቺንጊያ «አላላ» ነው። አንዱ ወደ ዓረብ አገር ሊሄድ ሥራውን ሲተው እንኳ «ለቀቀ» አንልም። እንግዳ ሲሰማ አጉል እምነት ይመስለዋል። አይደለም። ቃሉ ሦስት ጣት አስበልቶናል።

ጣቶቹ የኪሮስ ነበሩ። ኪሮስ የዋጉ ዝቋላ ሰው ነው፤ ፋብሪካው ሲከፈት አብረን የተቀጠርን፣ ዛሬ የመጋዘኑ ኃላፊ። ቦታዬን የተረከበችኝ ደግሞ የእሱ ልጅ ትርሐስ ናት። ትርሐስ ያንኑ የአባቷን እጅ የበላ ማሽን ልትይዝ ስትነሳ ኪሮስ ለወራት እምቢ አለ። እሷም «ማሽኑ ካልተሰጠኝ እንደ እኩዮቼ በባሕር እሄዳለሁ» አለች። የምትለውን የምታደርግ ልጅ ናት። እኔ በሁለቱ መሃል ቆሜ ነበር፤ መቆም የሚገባኝም እኔ ነበርኩ፤ ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሙያውን የተማርኩት ደሴ፣ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው። ደሞዙ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። የክፍሉ አለቃ ጋሽ ንጉሤ ይባሉ ነበር፤ ቀጭን፣ ነጭናጫ፣ ወሬ የማይወዱ ሰው። ጠዋት ሲገቡ «እንዴት አደራችሁ» ከማለታቸው በፊት «ቁልፉ የት ነው?» ይላሉ። ሕጋቸው አንድ ነው። እጁን ማሽን ውስጥ የሚከት ሰው መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ ያወርዳል፣ በጓጉንቸር ይቆልፈዋል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። የራሱን ኪስ ነው። የጓደኛው ኪስ፣ የአለቃው መሳቢያ፣ ግድግዳው ላይ ያለ ሚስማር ኪስ አይባልም።

አንድ ቀን ማሽን ፈትተው ሳሉ የኩላሊት ጠጠር ያዛቸውና በቃሬዛ ሆስፒታል ተወሰዱ። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ባለቤቱ በማግሥቱ ሰው ላከባቸው፤ ፋብሪካው ቆሟል፣ ደንበኛ በር ላይ ተሰልፏል። ጋሽ ንጉሤ ግን «እጄን አውጥቼ እንደሆን አላስታውስም፤ ሄጄ ካላየሁ አልሰጥም» ብለው መላክተኛውን ባዶ እጁን መለሱት። ሰውየው እጅዎ አብሮዎት እዚህ አልጋ ላይ አይደል ወይ ቢላቸውም አልሰሙትም። በሦስተኛው ቀን እያነከሱ መጡ፣ ጎንበስ ብለው ማሽኑ ውስጥ አዩ፣ ረስተውት የሄዱትን የብሎን መፍቻ ኪያቬ አወጡ፣ ከዚያ ቁልፉን ሰጡ። ያ ብረት ውስጥ እንዳለ ማሽኑ ቢነሳ ኖሮ ማን ይሞት እንደነበር እንጃ።

ሌላው ያስተማሩኝ ማዳመጥ ነው። ዘንግ የሚሽከረከረው ኩሽኔታ በምንለው፣ ትንንሽ የብረት ኳሶች ባሉበት ቀለበት ውስጥ ነው። ጋሽ ንጉሤ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ኩሽኔታው ላይ ያሳርፉና እጀታውን ከጆሯቸው ኋላ ካለው አጥንት ላይ ያስደግፉታል። «ዓይንህን ጨፍን» ይሉኛል። ጤነኛው ያንጎራጉራል፤ ግራሶ የጠማው ያፏጫል፤ መሰንጠቅ የጀመረው ከሥር ጠብ ጠብ ይላል። ይህን ለመለየት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ከለየሁት በኋላ ግን በዋግ ምድር እንደ እኔ የሚሰማ የለም እያልኩ እኩራራ ነበር፤ ዋሽቼም አልነበረም።

ሰቆጣ የመኖ ፋብሪካ ሊከፈት ነው ሲባል አገሬ ገባሁ። ሥራችን የማሽላ አገዳ መፍጨት፣ ከፋጉሎ ጋር መደባለቅ፣ በጆንያ ማሸግ ነው። በበጋ ሣሩ ሲያልቅ የዝቋላና የአበርገሌ ፍየል የሚጠብቀው ያንን ጆንያ ነው። ስለዚህ የእኛ መፍጫ በወርኃ ሚያዝያ ሲቆም የሚጎዳው ፋብሪካው ብቻ አልነበረም።

በዚያን ዘመን ኔትወርክ የሚይዘው ከግቢው ጀርባ ካለችው ጉብታ ላይ ነበር። ኋላ ፋብሪካው ውስጥም መያዝ ጀመረ፤ ግን እየተቆራረጠ። «ሃሎ፣ ትሰማኛለህ?» ስትል መልሱ ሌላ ነገር ከጠየቅክ በኋላ ይደርሳል። ሁላችንም እየጮኽን ማውራት የለመድነው ያኔ ነው፤ ሚስቴ እስካሁን ትቀልድብኛለች።

አንድ ቀን ኩሽኔታ ልገዛ ወልድያ ሄድኩ። ገበያው መሃል ሳለሁ ኪሮስ ደወለ። የመፍጫው ቺንጊያ ከመሥመሩ ወጥቶ ተነክሷል፤ ሁለት እጁን አስገብቶ ወጥሮ ይዞታል፤ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጆንያ ላይ አስቀምጦታል። ወርዶ ያልተቆለፈው ማጥፊያ አጠገብ ብርሃኑ የሚባል ሠራተኛ ቆሟል። ወጥሮ መያዙ ጣቱን እንደሚያስቆርጠው ስለገባኝ ቶሎ ብዬ አዘዝኩት።

«ቺንጊያውን ልቀቀው!»

በአማርኛ ነገሩ ይቀድማል፣ ትእዛዙ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ኔትወርኩ «ቺንጊያውን» የሚለውን በላው። ጆንያው ላይ ካለው ስልክ የወጣው «ልቀቀው» ብቻ ነበር። ብርሃኑ ማጥፊያው አጠገብ ቆሞ «ልቀቀው» ሲባል ሰማ፤ ኮረንቲ ልቀቅ፣ መብራት ልቀቅ ስንል ነው የኖርነው፤ ለቀቀው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጩኸት ግን ምንም ሳይቆራረጥ ወልድያ ድረስ ደረሰኝ።

የኪሮስ ቀኝ እጅ ላይ ሦስት ጣት ጠፋ። ብርሃኑ ሥራውን ትቶ አገር ጥሎ ሄደ። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ «ኔትወርክ ነው ያቃጠለን» አልኩ። መርማሪውም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ የኪሮስ ሚስትም ይህንኑ ሰሙ። ውሸት አልነበረም፤ ግን እውነቱ አልነበረም። ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ አልጠየቅኩም። ቁልፉ የት ነው አላልኩም። ያላልኩትም የት እንዳለ ስለማውቅ ነው። ግድግዳው ላይ፣ ሚስማር ላይ። ሥራ እንዲፈጥን ብዬ እዚያ እንዲሰቀል ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ደሴ ሄጄ ለጋሽ ንጉሤ ነገርኳቸው። አርጅተው ቤት መዋል ጀምረዋል። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ቁልፉ የት ነበር?» አሉኝ።

«ሚስማር ላይ።»

ተነሱና እጃቸውን ታጠቡ። ያን ቀን ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ኪሮስ ከሕክምና ሲመለስ መጋዘን ተሰጠው። በመጀመሪያው ቀን መፍጫውን ልናስነሳ ስንል መጥቶ መሃላችን ቆመ። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። እሱ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። «እናንተም አንሱ። ቁጠሩ» አለ። አንዱ እጁን አንስቶ «አሥር» አለ። ሌላውም «አሥር»። እኔ «አሥር»። ኪሮስ መጨረሻ ላይ «ሰባት» አለና፣ «ካሁን ወዲያ ከዚህ የሚጎድል የለም፤ አስነሱ» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣት ሳይቆጠር ያ ማሽን ተነስቶ አያውቅም። «ልቀቅ» የሚለውም ቃል ያኔ ቀረ። ጓጉንቸሩ ወደ ኪስ ተመለሰ፤ ሚስማሩን በፒንሳ ነቀልኩት።

ፈጣኑ ኔትወርክ የመጣው እኔ ጡረታ ልወጣ ስል ነው። በጦርነቱ ዓመታት ኔትወርክ ጭራሽ ጠፍቶብን ከኖርን በኋላ አዲስ ማማ ቆመ። ማሽኖቻችንን በውል የሚጠግነው የአዲስ አበባ ድርጅት በየኩሽኔታው ላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል መሣሪያ ለጠፈ። መሣሪያዋ የማሽኑን መንቀጥቀጥና ሙቀት እየለካች በአየር ወደ አዲስ አበባ ትልካለች። እዚያ ሜሮን የምትባል ኢንጂነር ተቀምጣ ታነባለች። እውነቱን ለመናገር ናቅኳት። የክብሪት ሳጥን ሊሰማ!

አንድ ጠዋት ሜሮን በቪዲዮ ደወለች። «ጋሼ፣ የኋለኛው ኩሽኔታ መሰንጠቅ ጀምሯል። ሳይብስ ይቀይሩት።»

ካቻቢቴዬን አነሳሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አዳመጥኩ። ያንጎራጉራል። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ገና እኔን ይቀብራል» አልኳት።

«እሺ ጋሼ፣ ይሁን። ግን ይክፈቱት።»

ላሳፍራት ብዬ ከፈትኩት። የውስጠኛው ቀለበት ላይ ፀጉር የምታህል መሥመር አለች። ጥፍሬን ሳስኬድባት ያዘችኝ። ትርሐስ ያኔ ከኮሌጅ ለልምምድ መጥታ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን አዞረች። በኋላ ሐኪም ቤት ስመረመር ቀጭን ድምፅ መስማት አቁሜያለሁ አሉኝ። ጆሮዬ ቀድሞኝ ጡረታ ወጥቶ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ የኔትወርኩ ወገን ሆንኩ፤ በግማሽ ልብ ሳይሆን በሙሉ። ዕቃ የሚታዘዘው ማሽኑ ከመሰበሩ በፊት ሆነ፤ ከወልድያ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ሲመጣ ማሽኑ ገና እየሠራ ይጠብቀዋል። ሜሮን «አላላ» ስትል ቃሏ ከነምኑ፣ ሳይጎድል ጆሮዬ ይገባል። በአሮጌው ኔትወርክ ምስሉ ደርቆ ሰውየው እጁን እንዳነሳ ታያለህ፤ እሱ ግን ይህን ጊዜ እጁን ከቷል። አሁን የማየው አሁን ያለውን ነው። ይህ ለማሽን ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ግን አስደነገጠኝ። ማሽኑን ከአዲስ አበባ ሆነው ሊያስነሱት፣ ሊያቆሙት ይችላሉ። ለዚህ ዋናው ማጥፊያ ሁልጊዜ ሳይወርድ መቆየት አለበት፤ ጓጉንቸሩ ይነሳ ተባለ።

«ጋሼ፣ ሲስተሙ ራሱ ይቆልፋል እኮ» አለችኝ ሜሮን። «ትርሐስ ታብሌቱ ላይ ቁልፍ የሚለውን ከነካች እኛ ከዚህ ማስነሳት አንችልም።»

«ይሄ ሲስተም ኪስ አለው?»

«የምን ኪስ?»

«ቁልፉን የሚከትበት።»

ሳቀች። ነገሩን በጨዋነት ለጊዜው ተወችልኝ፤ ግን ጡረታዬን እየጠበቁ እንደሆነ ገብቶኛል።

በዚያው ሰሞን ነው የኪሮስና የትርሐስ ክርክር የከረረው። እንድሸመግል ቤታቸው ጠሩኝ። ኪሮስ እንዲህ አለ፦ «እኔን እጄን ያስበላኝ ፊት ለፊቴ ቆሞ የሚያየኝ ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ልጄን በምን ዓይኑ ያያታል?»

ትርሐስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ባሕሩ ላይስ ማን ያየኛል?» አለችው።

ኪሮስ በጎደለው እጁ ጉልበቱን እያሻሸ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። «ታደለ፣ ጓጉንቸሩ ይኖራል? ማለትም አንተ ከሄድክ በኋላ?»

«ይኖራል» አልኩ። በምን ሥልጣኔ እንዳልኩት እንጃ።

«እንግዲያ ትግባ። ቁልፉ ከኪሷ የወጣ ዕለት ግን እጇን ይዤ አስወጣታለሁ።»

ጡረታ ልወጣ አንድ ወር ሲቀረኝ ነው ነገሩ የሆነው። ምሳ ሰዓት ላይ አገዳ ውስጥ የተደበቀ ሽቦ መፍጫውን አነቀው። ትርሐስ አቆመችው፣ ማጥፊያውን አወረደች፣ ቆለፈች፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ታብሌቱንም ነካች። ከዚያ እስከ ክርኗ ድረስ እጇን ከታ ሽቦውን ትጎትት ጀመር። እኔ አጠገቧ ነኝ። ኪሮስ መጋዘኑ በር ላይ ጆንያ ይቆጥራል።

የማብሪያው ሳጥን ውስጥ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ይህ ድምፅ ማሽን ከመነሳቱ በፊት የሚሰማ ነው። ጆሮዬ ሌላው ሁሉ ቢጠፋው ይህን አያጣውም። እጄ ወደ ትርሐስ ክንድ ተዘረጋ። መፍጫው ግን አልተነቃነቀም። ትርሐስም ሰምታዋለች፤ እጇን በዝግታ፣ በጣም በዝግታ አወጣች። ታብሌቱ ላይ ጽሑፍ በርቷል፦ «የማስነሳት ትእዛዝ ደርሷል። ኃይል የለም።»

የሆነው ይህ ነው። ሜሮን ምሳ ወጥታለች። በቦታዋ የተቀመጠ ባልደረባዋ መፍጫው መቆሙን አየ፤ የኮረንቲ መቆራረጥ መሰለውና እንደ ውለታ አስነሳው። ትርሐስ ታብሌቱን የነካችው በአገዳ ትቢያና በግራሶ በተለበጠ ጣት ነበር፤ ታብሌቱ አልተሰማውም። ትእዛዙ ከአዲስ አበባ ሰቆጣ ሳይዘገይ፣ ሳይቆራረጥ፣ አንድ ቃል ሳይጎድለው ደረሰ። ያቆመው የትርሐስ ኪስ ነው።

ኪሮስ ጆንያውን ጥሎ መጣ። አልጮኸም። የልጁን እጅ ያዘና ጣቶቿን አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ። ከዚያ በኽምጥኛ የሆነ ነገር ነገራት። እኔ ቋንቋውን እሰማለሁ፤ ግን ለእሷ ብቻ ነበርና ዞር አልኩ።

ሜሮን ነገሩን ስትሰማ ደውላ አለቀሰች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ እንደ ራሷ ወሰደችው። ለዚህ ነው የማከብራት። እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ፣ «ጋሼ፣ ጓጉንቸሩ አይነሳም፤ በውሉ ላይ አስጽፈዋለሁ። ሌላም ነገር አለ» አለች። «እኛንም ቁጠሩን። ከዚህ የሚያስነሳ ሰው መጀመሪያ በቪዲዮ ቀርቦ እጁን ያንሳ፤ እናንተን ሳያይ፣ እናንተም እሱን ሳታዩት አይነካ።» አደረገችውም። የድሮው ኔትወርክ ይህን አይችልም ነበር፤ የደረቀ ምስል ይዘን አንዱ የሌላውን ጣት በሐሰት እንቆጥር ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ከኪሮስ ጋር ብቻችንን ቀረን። ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ስንት ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት። «ኪሮስ፣ ያኔ ኔትወርክ አይደለም። ቁልፉ ሚስማር ላይ የተሰቀለው በእኔ ትእዛዝ ነው። ስልኩ ላይም አልጠየቅኩህም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አውቃለሁ እኮ» አለ።

«እንዴት ታውቃለህ?»

«ሚስማሩን እዚህ ምታ ያልከው ማንን ነው? እኔ ነኝ የመታሁት። በዚሁ እጄ።»

አለቀስኩ፤ አሁን ስጽፈውም አላፍርበትም። እሱ ተነስቶ ጆንያውን ወደ መቁጠር ተመለሰ፤ ቁጥር አሳሳትከኝ ብሎ ደግሞ ተቆጣኝ።

የመጨረሻዬ ቀን ንግግር ተደረገ፣ ጋቢ ለበስኩ፣ ወረቀቶቹ ተሰጡኝ። ሥራ አስኪያጁ መፍጫውን ለመጨረሻ ጊዜ እኔ እንዳስነሳው ጠየቀኝ። ትርሐስ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ጓጉንቸሩን ከፈተች፤ «አያ ታደለ፣ ይኸው» ብላ ቦታውን ለቃ... ይቅርታ፣ ቦታውን ትታልኝ ቆመች።

ታብሌቱ ሜሮንን እያሳየ ጆንያ ላይ ተደግፏል። እጆች ተነሡ።

«አሥር» አለች ትርሐስ።

«አሥር» አለች ሜሮን ከአዲስ አበባ፤ ድምፅዋ ከእጇ እኩል ደረሰ።

ሌሎቹም በየተራቸው አሉ። እኔም «አሥር» አልኩ።

«ሰባት» አለ ኪሮስ።

ማጥፊያውን ያዝኩ። ሁሉም «አስነሳ» የሚለውን ይጠብቃል፤ ማለት ያለበት የመጨረሻው ቆጣሪ ነው። ኪሮስ ግን እጄን ነው የሚያየው። ዘወር ብዬ አየሁት። ማጥፊያውን ጨምድጄ ይዤ ኖሯል። ቀረብ ብሎ ሁለቱ ጣቶች በቀሩበት እጁ ትከሻዬን ያዘ።

«በቃ ታደለ» አለኝ፤ «አሁን ልቀቀው።»

ለቀቅኩት።